የሸክላ አፈር ውሃ አሳላፊነት በሜዳ ላይ እንዴት ይለካል?
(በደሴና በኮምቦልቻ ምሳሌነት)

«ሸክላ አፈር ውሃ አያሳልፍም» የሚለው አነጋገር በብዙዎቻችን አእምሮ የተቀመጠ ነው። የኩሬ ወለል በሸክላ ጭቃ ይለሰናል፤ ዝናብ በዘነበ ማግሥት በሸክላ መሬት ላይ ውሃ ተኝቶ ይታያል፤ ስለዚህ ነገሩ ክርክር የሚያሻው አይመስልም። ነገር ግን ያንኑ መሬት በበጋ ያየው ሰው ሌላ ነገር ያውቃል። በጃማና በወረኢሉ ደጋ፣ በኮምቦልቻም ዙሪያ ባለው ጥቁር አፈር ላይ፣ ፀሐይ ሲበረታ መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ቢያፈሱበት ወዲያውኑ ውጦ ያስቀረዋል።

እንግዲህ ይህ አፈር ውሃ ያሳልፋል ወይስ አያሳልፍም? ትክክለኛው መልስ «እንደ ወቅቱ፣ እንደ ቦታውና እንደ አለካኩ ነው» የሚለው ነው። ይህም መልስ ከኃላፊነት ለመሸሽ የሚሰጥ ሰበብ ሳይሆን፣ በቁጥር የሚገለጽ እውነት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቁጥሩ በሜዳ ላይ እንዴት እንደሚገኝና ከተገኘም በኋላ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ማስረዳት ነው።

1ኛ/ ውሃ አሳላፊነት ማለት ምንድን ነው?

በ1856 (እ.ኤ.አ.) ሄንሪ ዳርሲ የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ በዲዦን ከተማ ውሃን በአሸዋ ዓምድ ውስጥ እያሳለፈ ሲመረምር አንድ ቀላል ሕግ አገኘ። በአፈር ውስጥ የሚያልፈው የውሃ መጠን በሦስት ነገሮች ብዜት ይገኛል። እነሱም ውሃው የሚያልፍበት ስፋት፣ ውሃውን የሚገፋው የከፍታ ልዩነት ለሚሄድበት ርዝመት ተካፍሎ የሚገኘው ድርሻ (ይህን «ግፊት» እንበለው)፣ እንዲሁም የአፈሩ የራሱ ጠባይ የሆነው ቁጥር ናቸው። ይህን የመጨረሻውን ነው የአሳላፊነት ቁጥር የምንለው። የሚጻፈውም በፍጥነት መለኪያ፣ ማለት በሜትር በሴኮንድ ነው።

በዚህ ቁጥር ረገድ አፈሮች እጅግ የተራራቁ ናቸው። ንጹሕ ጠጠር 10⁻² ሜትር በሴኮንድ ሊደርስ ሲችል ጥብቅ ሸክላ 10⁻⁹ ወይም ከዚያ ያነሰ ይሆናል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 10 ሚሊዮን እጥፍ ነው። 10⁻⁹ ሜትር በሴኮንድ ማለት፣ ግፊቱ አንድ በሚሆንበት ጊዜ፣ በዓመት 3 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በዚህ ዓይነት መሬት ላይ መለኪያ የተከለ ተማሪ የሚጠብቀውን ትዕግሥት ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሸክላ እንዲህ የሆነው የቅንጣቶቹ ስፋት ከ0.002 ሚሊሜትር በታች በመሆኑ ነው። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ ውሃው ይታሰራል። በወሎ ደጋ ከእሳተ ገሞራ የወጣው ጥቁር ድንጋይ ሲበሰብስ፣ ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ሲርስ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚሰበሰብ ጥቁር ሸክላ ይሆናል። ይህ በእኛ አገር ዋልካ፣ በሸዋ መረሬ የሚባለው ነው። በመላው ኢትዮጵያ የዚህ ዓይነት አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ውሃ በሚንጠፈጠፍበት ተዳፋት ላይ የሚገኘው ቀይ ሸክላ ግን እምብዛም አያብጥም፤ እምብዛምም አይሰነጠቅም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ቁጥር መግለጽ ከመጀመሪያው ስሕተት ነው።

2ኛ/ ነገሩ ለደሴና ለኮምቦልቻ ምን ይጠቅማል?

ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ከተማይቱና አካባቢዋ በመሬት መንሸራተት የታወቁ ናቸው፤ ጤናዓለም አየነውና ጁሊዮ ባርቢየሪ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት በደሴ አካባቢ የደረሱትን መንሸራተቶች ዘርዝረው የሚያሰጉትን ቦታዎች በካርታ አሳይተዋል። ተዳፋት የሚንሸራተተው አፈሩ ስለከበደ ብቻ አይደለም። በአፈሩ ውስጥ የገባው ውሃ ግፊት ሲፈጥር ቅንጣቶቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ የሐምሌ ዝናብ እታች ካለው የመንሸራተቻ ገጽ ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል ወይስ ሰዓታት? የሚለው ጥያቄ በተዳፋቱ ላይ ቤት ላለው ሰው የነፍስ ጥያቄ ነው። መልሱም በአሳላፊነት ቁጥሩ ውስጥ ይገኛል።

ከደሴ የሚነሣው የቦርከና ወንዝ በዶሮ መዝለያ ገደል ወርዶ ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ ጨፋ ረግረግ፣ በመጨረሻም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ፋብሪካ ባለበት ፍሳሽ አለ፤ ፍሳሽም ባለበት ኩሬ ያስፈልጋል። የኩሬው ወለል በሸክላ ቢለሰን ከሥሩ ያለው የጉድጓድ ውሃ ይጠበቃል ወይስ አይጠበቅም?

ሒሳቡን እንሥራው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሄክታር ስፋት ያለው ኩሬ፣ ወለሉ 1 ሜትር ውፍረት ባለው ሸክላ ቢለሰን፣ በላዩም 2 ሜትር ጥልቀት ውሃ ቢቀመጥበት፣ ግፊቱ 3 ይሆናል። የሸክላው ቁጥር 10⁻⁹ ከሆነ በቀን የሚሰርገው ውሃ 2.6 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ይኸውም 130 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ቁጥሩ 10⁻⁷ ቢሆን ግን 13,000 ጀሪካን ይሆናል። በዓይን ሲታዩ ሁለቱ ሸክላዎች አንድ ናቸው፤ በእጅ ቢዳሰሱም አንድ ናቸው። የሚለያቸው ልኬት ብቻ ነው።

3ኛ/ ላቦራቶሪው ብቻውን ለምን አይበቃም?

የተለመደው መንገድ በቀጭን ቱቦ ከመሬት ናሙና አውጥቶ በላቦራቶሪ መፈተን ነው። ናሙናው ብዙውን ጊዜ ከ10 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ስፋት አለው። የዋልካ ስንጥቆች ግን እርስ በርሳቸው በብዙ ሴንቲሜትር የተራራቁ ናቸው። ስለዚህ ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ በስንጥቆች መካከል ካለው ጥብቅ ጓል ላይ ያርፋል። ስንጥቅ ቢያገኝ ደግሞ ናሙናው ሲወጣ ይፈርስና «ተበላሽቷል» ተብሎ ይጣላል። በዚህ ዓይነት ላቦራቶሪው የሚለካው የጓሉን ጠባይ ነው፤ የመሬቱን ጠባይ አይደለም።

እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ሮው በ1972 (እ.ኤ.አ.) በታወቀው የራንኪን ንግግሩ ያስተማረው ይህንኑ ነበር፤ በሸክላ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የአሸዋ ንጣፎች፣ የሥር ቀዳዳዎችና ስንጥቆች የመላውን መሬት ጠባይ እንደሚወስኑ አሳየ። አሜሪካዊው ዴቪድ ዳንኤል ደግሞ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ውሃ እንዲይዙ ተብለው የተለሰኑ የሸክላ ወለሎችን መርምሮ፣ በሜዳ የተገኘው ቁጥር በላቦራቶሪ ከተገኘው ባብዛኛው ከ10 እስከ 1,000 እጥፍ በልጦ እንደሚገኝ አስታወቀ። ከላይ ባሰላነው ኩሬ ላይ የ100 እጥፍ ስሕተት ምን እንደሚያደርግ አይተናል።

ይህ ማለት ላቦራቶሪ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የላቦራቶሪው ቁጥር የጓሉን ሲነግረን የሜዳው የመሬቱን ይነግረናል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ስንጥቁ ምን ያህል እንደሚሠራ ያስረዳናል።

4ኛ/ በሜዳ የሚሠራባቸው መንገዶች

ሀ/ የውሃ ሙላት ጉድጓድ። ይህ የከርሰ ምድር ውሃ በሌለበት ወይም ጥልቅ በሆነበት መሬት የሚሠራ ቀላል መንገድ ሲሆን በፖርሼ ስም ይታወቃል። በእጅ መሰርሰሪያ 8 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል። መሰርሰሪያው የጉድጓዱን ግድግዳ እንደ ልስን ስለሚያለሰልሰው በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ የሚለካው ልስኑ ነው። ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ በውሃ ተሞልቶ አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ እየተጨመረበት ይቆያል። በአሸዋማ መሬት ጥቂት ሰዓት ሲበቃ በሸክላ መሬት አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

ልኬቱ ሲጀመር የውሃው ከፍታ በየጊዜው ይመዘገባል። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያው ከፍታ ላይ የጉድጓዱ ሬዲየስ ግማሽ ይደመራል፤ በመጨረሻውም ከፍታ ላይ እንዲሁ። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ተካፍሎ የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙ ይወሰዳል። ይህም በሬዲየሱ ግማሽ ተባዝቶ ለጊዜው ይካፈላል። ለምሳሌ ሬዲየሱ 4 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ውሃውም በ3 ሰዓት ውስጥ ከ60 ወደ 55 ሴንቲሜትር ቢወርድ፣ 62 ለ57 ተካፍሎ ሎጋሪዝሙ 0.084 ይሆናል። በ2 ሴንቲሜትር ተባዝቶ ለ10,800 ሴኮንድ ሲካፈል 1.6 × 10⁻⁷ ሜትር በሴኮንድ፣ ማለት በቀን 13 ሚሊሜትር ያህል ይገኛል።

ለ/ የቧንቧ ፈተና። ከከርሰ ምድር ውሃ በታች ላለው ጥብቅ ሸክላ የሚሻለው ይህ ነው። ዴንማርክ የተወለደው መሐንዲስ ህቮርስሌቭ በ1951 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ያሳተመው ሥራ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከጉድጓዱ ታች ግማሽ ሜትር ያህል ለፈተና ክፍት ሆኖ በጠጠር ይሞላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ውሃ እንዳያመልጥ በሚያብጥ ሸክላ (ቤንቶናይት) ይደፈናል፤ ቧንቧም ይቆማል። ቧንቧው ውሃ ተሞልቶ፣ ከተፈጥሮው ከፍታ በላይ ያለው ውሃ ወደ 37 በመቶ እስኪወርድ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ ይለካል። ቁጥሩ የሚገኘው የቧንቧውን ሬዲየስ በራሱ አባዝቶ፣ ያንን የፈተናው ክፍል ቁመት ለጉድጓዱ ሬዲየስ ተካፍሎ በሚገኘው ሎጋሪዝም አባዝቶ፣ በመጨረሻም በእጥፉ ቁመትና በጊዜው በማካፈል ነው። የፈተናው ክፍል ቁመት ከጉድጓዱ ሬዲየስ ከ8 እጥፍ በላይ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ብልሃት አለ። የጉድጓዱ ሬዲየስ 5 ሴንቲሜትር፣ የፈተናው ክፍል ቁመት 50 ሴንቲሜትር ይሁን። ቧንቧውም እንደ ጉድጓዱ 5 ሴንቲሜትር ሬዲየስ ቢኖረው፣ 10⁻⁹ በሆነ ሸክላ ውስጥ ውሃው ወደ 37 በመቶ እስኪወርድ 67 ቀን ይፈጃል! የትኛው ተማሪ፣ የትኛውስ መሥሪያ ቤት ይህን ያህል ይጠብቃል? ነገር ግን ከላይ ያለውን ቧንቧ ብቻ ለውጠን ግማሽ ሴንቲሜትር ሬዲየስ ያለው ቀጭን ቱቦ ብንተክል፣ ስፋቱ 100 ጊዜ ስለሚያንስ ጊዜውም 100 ጊዜ ያጥራል፤ 16 ሰዓት ይበቃል። አፈሩ የሚያሳልፈው ውሃ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ያችን ጥቂት ውሃ የምናይበት መስኮት ነው።

ቀጭን ቱቦ ግን ጠብታ እንኳ የሚቆጠርበት ስለሆነ፣ የሚተነውና በመገጣጠሚያ የሚያንጠባጥበው ውሃ ያታልላል። ስለዚህ ታቹ የተደፈነ ሌላ ተመሳሳይ ቱቦ በአጠገቡ አቁሞ፣ በዚያ ላይ የታየውን መውረድ ከልኬቱ መቀነስ ያስፈልጋል።

ሐ/ የሁለት ቀለበት ፈተና። ለገጽ አፈር ሁለት የብረት ቀለበቶች፣ አንዱ 30 አንዱ 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ሆነው ወደ መሬት ይመታሉ፤ ሁለቱም በውሃ ይሞላሉ። የሚለካው የውስጡ ብቻ ነው። የውጭው ቀለበት ውሃ ወደ ጎን የሚሄደውን ስለሚይዝ የውስጡ ቁልቁል እንዲወርድ ያስገድደዋል።

ይህ መንገድ ለብዙ አፈር ጥሩ ነው፤ ለጥብቅ ሸክላ ግን ወጥመድ አለው። 10⁻⁹ ማለት በቀን ከ0.1 ሚሊሜትር በታች ነው። በኮምቦልቻ ፀሐይ ከክፍት ውሃ ላይ በአንድ ቀን የሚተነው ብዙ ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ክፍት ቀለበት የሚለካው አፈሩን ሳይሆን ፀሐይዋን ይሆናል። በዚህ ምክንያት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የውስጡ ቀለበት ተከድኖ፣ የሚሰርገው ውሃም ከላስቲክ ከረጢት እንዲሄድ ተደርጎ፣ ከረጢቱ እየተመዘነ የሚለካበት ዘዴ ተፈጠረ። ይህ ፈተና ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ነገር ግን ሰፊ መሬት ስለሚሸፍን ስንጥቁንም ጓሉንም አብሮ ይለካል።

5ኛ/ ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

ሙቀት፦ ውሃ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። አንድ ዓይነት ሸክላ በ25 ዲግሪ ውሃ ሲፈተን በ15 ዲግሪ ከሚያሳልፈው ወደ 28 በመቶ የሚበልጥ ያሳልፋል። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ቀዝቃዛ ናት። የሁለቱን ቦታ ቁጥሮች ለማወዳደር የሚፈልግ ተማሪ የውሃውን ሙቀት መዝግቦ ሁሉንም ወደ 20 ዲግሪ መመለስ አለበት፤ በ15 ዲግሪ የተለካው በ1.14 ይባዛል።

የውሃው ዓይነት፦ የክረምት የቦርከና ውሃ ደለል የሞላበት ስለሆነ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። የተጣራ ላቦራቶሪ ውሃ ደግሞ ጨው ስለሌለው ሸክላውን ሊበታትነው ይችላል። የሚሻለው ጥርት ያለ የአካባቢው ውሃ ነው።

የውሃው ከፍታ፦ ሥራውን ለማፋጠን ተብሎ ውሃው እጅግ ከፍ ካለ፣ ግፊቱ ሸክላውን ሰንጥቆ መንገድ ይከፍታል። የሚገኘውም ቁጥር እኛው የፈጠርነው ይሆናል።

ወቅት፦ በደቡብ ወሎ በልግም ክረምትም ስላለ፣ ዋልካው በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይከፈታል ይዘጋልም። በግንቦት የተለካውና በነሐሴ የተለካው ሁለት የተለያዩ መሬቶች ይመስላሉ። የሚለካበትን ወቅት የሚወስነው የምንጠይቀው ጥያቄ ነው። ለተዳፋት የሚያሳስበው ስንጥቁ ክፍት ሳለ የሚመጣው የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ነው። ለገበሬው ደግሞ የሚያስፈልገው ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ያለው ቁጥር ነው፤ ማሳው ላይ ውሃ ተኝቶ ሥሩን የሚያበሰብሰው፣ ሽምብራና ጓያም በክረምቱ መጨረሻ በቀረው እርጥበት እንዲዘሩ የሚያስገድደው እሱ ነውና።

ባለመሬቱ፦ ጉድጓድ ከመቆፈር በፊት ባለመሬቱን ማስፈቀድ፣ ሲጨርሱም ከብት እግሩን እንዳይሰብርበት መድፈን የግድ ነው። ከዚህም ሌላ ስንጥቁ በየትኛው በኩል ቀድሞ እንደሚከፈት፣ ውሃው የት እንደሚተኛ ከመሣሪያችን አስቀድሞ የሚያውቀው ገበሬው ስለሆነ፣ መጠየቁ የልኬቱ አንድ ክፍል ነው።

6ኛ/ የማይስማማው ቁጥር

በአንድ ማሳ ላይ ሦስት ጉድጓዶች ተፈትነው በቀን 0.1፣ 0.2 እና 50 ሚሊሜትር ተገኘ እንበል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚፈተንበት ነገር አለ፤ ሁለቱ ስለተስማሙ ሦስተኛውን «ስሕተት» ብሎ መሰረዝ። እንዲያ ካደረገ ዘገባው ያማረ ይሆናል፤ መሬቱ ግን ተሰርዟል።

ሦስቱን ደምረን ለሦስት ብናካፍል 16.8 ይወጣል። ሦስቱን አባዝተን ሦስተኛ ሥሩን ብንወስድ ግን 1 ይሆናል። የቱ ነው እውነተኛው? ሁለቱም ለየራሳቸው ጥያቄ ይጠቅማሉ። የመሬቱን መካከለኛ ጠባይ ለመግለጽ ሁለተኛው ይሻላል። ከኩሬ በታች ምን ያህል ውሃ እንደሚያመልጥ ለማወቅ ግን ውሃው በመካከለኛው በኩል ሳይሆን በቀላሉ በሚያልፍበት በኩል ስለሚሄድ፣ ሦስተኛውን ጉድጓድ መርሳት ኩሬውን መርሳት ነው። ስለሆነም በመጀመሪያ ጉድጓዱ በደፈናው በኩል አለማንጠባጠቡ ይመርመር፤ ከዚያም አጠገቡ ሌላ ይቆፈር። ነገሩ ከተደገመ ያ ቁጥር ስሕተት ሳይሆን ስንጥቁ ነው።

ለዚህ ሁሉ ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ በአካባቢያችን ምስክር አለ። በደሴ አጠገብ በማይባር በ1981 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ዝናቡን፣ ጎርፉንና የታጠበውን አፈር ለዓመታት በመመዝገቡ ነው አንድ ትንሽ ተፋሰስ ብዙ ሊያስተምር የቻለው። አንድ ጊዜ ተለክቶ የተተወ ቦታ እንዲህ አያስተምርም።

7ኛ/ ማጠቃለያ

የሸክላ አፈር ቁጥር ብቻውን አይቆምም። በማስታወሻ ደብተራችን ላይ ከቁጥሩ ጋር አብረው መጻፍ ያለባቸው፦ ቦታውና ጥልቀቱ፣ ቀኑና ወቅቱ፣ የስንጥቆቹ ስፋትና ርቀት፣ አፈሩ በውሃ የጠገበበት ጊዜ፣ የውሃው ሙቀትና ከፍታ፣ የጉድጓዱ መጠን፣ የተሰረዘም ልኬት ካለ ምክንያቱ ናቸው። እነዚህ የሌሉበት ቁጥር ምስክር እንደሌለው ክስ ነው።

በወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች የሚማሩ ወንድሞችና እኅቶች ሌላው ተማሪ ሩቅ ሄዶ የሚፈልገውን ምሳሌ በደጃቸው አግኝተዋል፤ ከላይ ተዳፋት፣ ከታች ኩሬና ፋብሪካ፣ በመካከል የገበሬ ማሳ። አንድ መሰርሰሪያ፣ አንድ ቱቦ፣ አንድ ሰዓትና አንድ ደብተር ይዞ መጀመር ይቻላል። ውድ የሆነው መሣሪያው ሳይሆን፣ ከግምታችን ጋር ያልተስማማውንም ቁጥር ሳይሰርዙ የመጻፍ ልማድ ነው።

ለልምምድ፦

ሀ/ 2 ሄክታር ስፋት ያለው ኩሬ ወለሉ በግማሽ ሜትር ሸክላ ተለስኖ 1.5 ሜትር ጥልቀት ውሃ ቢይዝ፣ የሸክላውም ቁጥር 10⁻⁸ ሜትር በሴኮንድ ቢሆን፣ በቀን ስንት ሜትር ኩብ ይሰርጋል? (መልስ፦ 69 ያህል።)

ለ/ ከላይ በተገለጸው የቧንቧ ፈተና ቱቦው 1 ሴንቲሜትር ሬዲየስ ቢኖረው፣ 10⁻⁹ በሆነ ሸክላ ውስጥ ስንት ሰዓት ይፈጃል? (መልስ፦ 64።)

ሐ/ በነሐሴ በተዳፋት ላይ የተደረገ ልኬት «ውሃ አያሳልፍም» የሚል ውጤት ሰጠ። በዚህ ብቻ ተዳፋቱ አያሰጋም ማለት ይቻላልን? ለምን? (መልሱን እያንዳንዱ አንባቢ በቦታው ሄዶ በሰኔ ያጣራው።)